ላልሞተ ሰው የተቀቀለ ንፍሮ

ይህ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው። ያላመነ ሮብ ገበያ ወጥቶ የአናጢውን የእንዳላማውን ቤት ይጠይቅ፤ ከገበያው በላይ፣ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮው ከሩቅ የሚያብለጨልጨው ነው። ቤቱም አለ፣ እንዳላማውም አለ፣ አውራ ዶሮውም በሕይወት አለ። ከዚህ በፊት ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ትንሽ ትንሽ ጣል አድርጌ እንደሆነ አልክድም። በዚህ ላይ ግን የጨመርሁት የለም፤ ማስፈለጉን አይቼ ቢሆን ኖሮ እጨምር ነበር፣ አላስፈለገም።

እንግዲህ ሐሙስ ጧት ነው። እንዳላማው የእንግዳዋን በር ለአራተኛ ጊዜ ያንኳኳል። በአንድ እጁ ለብ ያለ ውሃ በማንቆርቆሪያ፣ በሌላው የገብስ ቆሎ በሳህን ይዟል፤ በብብቱ ትራስ ሸጉጧል። ያንኳኳው በእግሩ ነው።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ የኔ ልጅ፣ እንዳላማው።"

"ደህና ነኝ ጋሼ። ምንም አልፈልግም።"

"እሱንማ ነግረሽኛል። ምንም ካልፈለገችማ ብዬ ትንሽ ነገር ይዤ መጣሁ።"

በሩ ተከፈተ። ዜማ ትባላለች፤ የአዲስ አበባ ሰው ናት፣ ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ጸጉሯን እስከ ሥሩ አሳጥራ ተቆርጣለች። ጆሮዋ ላይ ጉትቻ፣ አንገቷ ላይ ሐብል የለም። ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጥቁር ነው፤ ትናንት ከሚኒባስ ስትወርድም በጥቁር ነበረች፣ ዛሬም በጥቁር ናት። ማንቆርቆሪያውን ተቀበለች፣ ሳህኑን ተቀበለች፣ ትራሱንም ተቀበለች። "እግዜር ይስጥልኝ" አለች በዝግታ። እንዳላማው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ ያየው ለመሰለል ብሎ አልነበረም፤ ዓይን ነው፣ ሄደ። አልጋው ባዶውን ቆሟል። ፍራሹ መሬት ላይ ተነጥፏል።

አልጋው የገዛ እጁ ሥራ ነው። እግሩ ባሕር ዛፍ፣ ርብራቡ ባሕር ዛፍ፣ ራስጌው ላይ ደግሞ በመሮ የተፈለፈለ መስቀል አለው። ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። ሰው እንዲህ ያለ አልጋ ቆሞለት መሬት ላይ ምን አስተኛው?

በሩ ተዘጋ። እንዳላማው ለአምስተኛው ጊዜ ምን ይዞ እንደሚመጣ እያሰላሰለ ወደ ጓሮ ዞረ።

እንዲህ የሚባክነው ወዶ አይደለም። ቤቱ ሊነጠቅበት ነው። ቤቱ ሲጀመር ለሰው አልነበረም፣ ለድንች ነበር። የዘር ድንች ጎታ ውስጥ ከታፈነ ይበሰብሳል፤ ብርሃን እያየ፣ ነፋስ ከሥሩ እየገባለት፣ የእንጨት ርብራብ ላይ ተሰጥቶ ነው የሚከርመው። የእንዳላማው ሚስት ሽታዬ አምና ግማሽ ዘሯ ስለ በሰበሰባት ባሏን ይዛ ቤት አሠራችው። እሱም ግድግዳውን አቆመ፣ ቆርቆሮውን መታ። ከዚያ ጣራው ላይ እንደ ተቀመጠ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ጮቄን አይቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመለስ አየ። በማግስቱም ሌላ መኪና አየ። "ይህ ሁሉ ሰው ማደሪያ አጥቶ ነው የሚመለሰው" ብሎ ከጣራው ወረደ፤ ሲወጣ አናጢ ነበር፣ ሲወርድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሆኗል። ደብረ ማርቆስ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው ልጃቸው ሂዊ ቤቱን ሦስት ፎቶ አነሳችውና "ከጮቄ ሥር፣ ፀጥ ያለ ቤት" ብላ ኢንተርኔት ላይ አወጣችው።

ሦስት ወር ሙሉ ማንም አልመጣም። ድንቹ ግን እየደረሰ ነበር። ሽታዬ ደግሞ ስትቆጣ ድምጿ አይጨምርም፣ ይቀንሳል። እንግዳ ልትመጣ ነው በተባለ ዕለት እንደ ሹክሹክታ በሚሆን ድምፅ፣ "ስማ" አለችው። "ድንቼ ቅዳሜ ተጭኖ ይወርዳል። ሴትዮዋም የምትሄደው ቅዳሜ ነው። ሦስቱን ሌሊት አድራ፣ ስትሄድ በዚያ በስልኩ ደህና ቃል ከጻፈችልህ ቤቱ ያንተ ነው፣ እኔ ለድንቼ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። ከዚያ በፊት ሻንጣዋን ካነሳች፣ ወይም ክፉ ቃል ከጻፈች ግን ድንቼ ይገባል። ሁለተኛም የእንግዳ ነገር እንዳታነሳብኝ።"

"በምን ምክንያት ክፉ ቃል ትጽፋለች?"

"አንተን ካየች በኋላ እናያለን።"

እንዳላማውም እንግዳዋን ሊያስደስት ቆርጦ ተነሳ። ችግሩ፣ እንግዳ ማስደሰት የሚያውቀው እናቱ ቤት ባየው መንገድ ብቻ ነው። እንግዳ እግሩ ይታጠባል፣ እንቢ እያለ ይበላል፣ ለደቂቃም ብቻውን አይተውም። እንግዳ ብቻውን ተቀምጦ ከታየ እዚያ ቤት ጠብ አለ ማለት ነው። ረቡዕ ማታ እግሯን ሊያጥብ ጎንበስ ሲል ሰበሰበችበት። ራት ላይ ሁለት ጊዜ ጎርሳ እጇን አነሳች። እሱ ግን አጠገቧ ተቀምጦ አጫወታት፤ ሰማዩ የጠራ ዕለት ጮቄ አናት ላይ ወጥቶ ሂዊ ደብረ ማርቆስ ምሳ ስትበላ እንዳያት፣ ወጡ ጨው እንዳነሰውም ከዚያው ሆኖ ደውሎ እንደ ነገራት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይስቃል። ዜማ ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ ስልኳ ጮኸ። አየችው፣ አጠፋችው፣ ለሽታዬ ዘረጋችላት።

"እትዬ፣ እስከ ቅዳሜ ይደብቁልኝ። ብለምንዎት እንኳ እንዳይሰጡኝ።"

ሽታዬ ምንም ሳትጠይቅ ወስዳ ገብስ ጎታ ውስጥ ቀበረችው።

ሐሙስ ጧት፣ ከአራተኛው ማንኳኳት በኋላ፣ እንዳላማው ሚስቱን ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ አገኛት።

"መሬት ላይ ነው የተኛችው" አላት።

"ማን?"

"እንግዳችን። አልጋው ቆሞ ፍራሹ መሬት ወርዷል።"

ሽታዬ ቀና አለች። የያዘችውን ቅጠል ወደ ሰፌዱ ሳትጥለው ቆየች።

"ጸጉሯን ተቆርጣለች" አለች።

"ተቆርጣለች።"

"ጥቁር ለብሳለች።"

"እሱንማ ገበያው ሁሉ አይቷል።"

"እህል አልወርድ ብሏታል። የደወለላትንም ሰው ድምፁን መስማት አልፈለገችም።" ቅጠሉን ጣለችው። "አንተ ሰው፣ ይች ልጅ ሐዘን ላይ ናት። ሰው ሞቶባታል።"

በዚህ አገር ሰው የሞተባት ሴት ጸጉሯን ትቆረጣለች፣ ጥቁር ትለብሳለች፣ ከአልጋዋ ወርዳ መሬት ትተኛለች። እንዳላማው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ አንዱን ከሌላው አልገጠመውም ነበር እንጅ። አሁን ገጠመለት። ለካ ትናንት ማታ ስለ ጨው ያጫወተው ሐዘንተኛን ነው።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ብቻዋን አትተዋት።"

"ብቻዬን ተዉኝ ነው እኮ የምትለው።"

"ሐዘንተኛ ሌላ ምን ይላል?"

"ማን ነው የሞተባት?" አለ ሦስተኛ ድምፅ።

ጎረቤታቸው የብርጓል ናት፤ በአጥሩ ላይ አንገቷ ብቅ ብሏል። ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደ ነበረች የሚያውቀው አጥሩ ብቻ ነው።

እንዳላማው በዕድሜው ብዙ ነገር ብሏል፤ "አላውቅም" ብሎ ግን አያውቅም። በዚያ ላይ የገዛ ቤቱ እንግዳ ናት። ስለ እንግዳው የማያውቅ ሰው ምኑን ባለቤት ሆነ?

"ባሏ" አለ።

"ወይኔ ልጄን። ምን ነክቶት?"

"ወድቆ።"

"ከምን?"

"ከፎቅ። ከዘጠነኛ ፎቅ።" ጥቂት አሰበ። "ስልክ እያወራ።"

የብርጓል ደረቷን ያዘች። "ከማን ጋር?"

"ከሷ ጋር ነዋ። ለዚህ አይደል ስልኩን እያየች የምታጠፋው።"

ነገሩ ከአፉ ሲወጣ ወሬ ነበር፤ ዞሮ በጆሮው ሲገባ እውነት ሆኖ ገባ። የእንዳላማው የራሱ ዓይን እንባ አቀረረ። ሽታዬ እንኳ "መቼ ነገረችህ?" ማለቱን ረስታ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች።

የብርጓል አጥሩ ላይ አልቆየችም። ወሬው ቀትር ሳይሆን ገበያው መሐል ደረሰ፤ ወደ ላይ ሲመለስ ፎቁ ዐሥራ ሁለት ሆኖ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በበትራቸው እየተደገፉ መጡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የቆሎ ተማሪ ያስተምራሉ፤ መንደሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው የተዘጋውን በር አዩ።

"ነገ ጧት ሰዉ ይመጣል" አሉ። "ሐዘንተኛ እዚህ ድረስ መጥታ ማንም ሳያጽናናት ብትመለስ እኛ ምን እንባላለን? ሴቶቹ ንፍሮ እየቀቀሉ ነው።"

ከዜማ ጋር ሁለት ቃል ከተነጋገሩ ባልየው ከፎቁ ይነሳል፤ ባልየው ከተነሳ እሷ ሻንጣዋን ታነሳለች፤ ሻንጣው ከተነሳ ድንቹ ይገባል። እንዳላማው በአንድ ጊዜ ሦስቱን ሁሉ አየ።

"የኔታ፣ መምጣቱን ይምጡ። ግን ፀጥታ ነው የምትፈልገው። ሂዊም በስልክ የነገረችኝ ይህንኑ ነው፣ ፀጥታ ብላ ነው የመጣችው። ስለ ሟቹ አንድ ቃል የተነሳባት እንደሆን ያኔውኑ ትሄዳለች። ስሙን ማንም እንዳይጠራ።"

"ስሙ ማን ነበር?"

"እሱን እኮ ነው የምልዎ የኔታ፣ አይጠራም።"

መሪጌታ ጢማቸውን ደባበሱ። "መልካም። የኢዮብም ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው ነው አብረውት መሬት የተቀመጡት። ደግ የሠሩት እስከዚያ ድረስ ነበር፤ ነገር ያበላሹት አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው። ዝም ብለን እንቀመጣለን።"

ዓርብ ጧት፣ ውርጩ ገና ሣሩ ላይ እያለ፣ ሰዉ መጣ። ወንዱ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሴቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። የስንዴና የባቄላ ንፍሮ በሌማት፣ ዳቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ገባ። እንዳላማው ለበር ያዘጋጀውን ጣውላ ሁሉ በድንጋይ ላይ እያጋደመ አግዳሚ ሠራ። ሃያ ሦስት ሰው ተቀመጠ፤ አንድም አላሳለም።

እዚህ ላይ የዶሮውን ነገር መናገር አለብኝ። የእንዳላማው አውራ ዶሮ ከንጋት እስከ ረፋድ የሚጮኽ፣ እንዳላማውም ሐሙስ ዕለት እንግዳዋን እንዳይረብሽ ቅርጫት የደፋበትና ቅርጫቱን ይዞ የዞረ ዶሮ ነው። ያን ዕለት እንደ ልማዱ እንጨት ክምሩ ላይ ወጣ፣ ደረቱን ነፋ፣ አንገቱን መዘዘ። ከዚያ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሁሉ አየ። የጀመረውን ጩኸት ዋጠው። ቀስ ብሎ ወረደና መሪጌታ እግር ሥር ክንፉን ሰብስቦ ተቀመጠ። እስከ ቅዳሜም ድምፁ አልተሰማም።

በሩ ተከፈተ። ዜማ ብርድ ልብስ ደርባ ደፉ ላይ ቆመች። ሃያ ሦስት ሰው ግማሽ ተነስቶ ግማሽ ተቀመጠ። ማንም ምንም አላለም። ሽታዬ ሰሌኑ ላይ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላት። ዜማ ግራ ቀኝ አየችና መጥታ ተቀመጠች። እንዳላማው በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ተመልሳ ሻንጣዋን የምታነሳበትን ደቂቃ ይጠብቅ ጀመር።

እሷም የሆነ ሰው የሆነ ነገር እስኪናገር ጠበቀች። የሚናገር የለም። መሪጌታ ወደ ጮቄ ያያሉ፤ እሷም ወደ ጮቄ አየች። ጉሙ ከሸንተረሩ እየተነሳ ነበር። ከታች ገብሱ ቢጫ ሆኗል። ንፍሮው ዞረ፤ አንድ እፍኝ ወሰደች። ሁለተኛ ሲዞርም ወሰደች። ሦስተኛውን ማንም ሳይሰጣት እጇን ሰዳ ዘገነች፤ ሽታዬ ይህን አየች።

እንዳላማው የአናጢ ዓይን አለው፤ የጎበጠ እንጨት ሲቃና ያውቃል። ከረቡዕ ጀምሮ ጆሮዋ ድረስ ተሰቅሎ የነበረው ትከሻዋ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ወረደ። "ኧረ እንዲያው ልታድር ነው" አለ በልቡ።

ፀሐይዋ ጀርባቸውን እስክታሞቅ እንዲህ ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ይሆናል፣ ከዚያም ይበልጣል። ድምፅ ሳታሰማ ስታለቅስ የቆየችው የብርጓል ነበረች ያልቻለችው።

"የኔ ልጅ" አለች። እንዳላማው ዓይኑን ጨፈነ። "ስንት ዓመቱ ነበር?"

"የማን?"

"የባለቤትሽ።"

"ባል የለኝም እማማ።"

"እሱንማ አሁን የለሽም፣ ነፍሱን ይማረው። በሕይወት ሳለ ነው የምልሽ።"

"ኖሮኝም አያውቅም። አላገባሁም።"

ሃያ ሦስት ራስ ወደ እንዳላማው ዞረ።

"ከፎቅ የወደቀውሳ?" አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

"ከዐሥራ ሁለተኛው" አለች ከጎኑ ያለችው።

"እኔ ዘጠነኛ ነው ያልሁት" አለ እንዳላማው።

ይህን ማለት አልነበረበትም።

"እንዳላማው" አለች ሽታዬ። ድምጿ ከሹክሹክታም ወርዷል።

እንዳላማው ባርኔጣውን አወለቀ። መካከላቸው መጥቶ ቆመ።

"የኔ ልጅ፣ ሰውየውን የገደልሁት እኔ ነኝ" አለ። "ጸጉርሽን ተቆርጠሽ አየሁ፣ ጥቁር ለብሰሽ አየሁ። እህል እንቢ አልሽ፣ ስልክሽን አስቀበርሽ፣ አልጋ ቆሞልሽ መሬት ተኛሽ። ሐዘን መሰለን። እስከዚህ ድረስ ሽታዬም አለችበት። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን የብቻዬ ነው። ማን ሞተባት ሲሉኝ አላውቅም ማለት አቃተኝ። ይህ ሁሉ ሰው ጧት ብርድ የመታው በእኔ አፍ ነው።" ባርኔጣውን አሽከረከረው። "ሻንጣሽን ላምጣልሽ?"

ዜማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሽታዬ ልትደግፋት እጇን ስትዘረጋ ነው ሳቅ መሆኑ የታወቀው።

"ጸጉሬን የቆረጥሁት" አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ "እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ስለሚመጣ ነው። ጥቁሩ እድፍ ስለማያሳይ ነው። ስልኩ ደግሞ ሥራዬ ነው፤ የደንበኞች ስልክ ተቀባይ ነኝ። የተናደደ ሰው ይደውላል፣ እኔ አነሳለሁ። እህል አልወርድ እስኪለኝ በቀን መቶ ሃያ ሰው ይቆጣኛል። ዐሥር ዓመቴ ነው።"

"በቀን?" አሉ መሪጌታ።

"አዎ አባ፣ በቀን።"

"አንችስ ምን ትያቸዋለሽ?"

"'ስላጋጠመዎ ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን' እላለሁ።"

"ጥፋቱ ያንች ነው?"

"አንድም ቀን የእኔ ሆኖ አያውቅም።"

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

"ፍራሹስ?" አለች የብርጓል፤ ነገር ሳይጠራ አትተውም።

ዜማ እንዳላማውን አየችው፣ አፈረች። "ይቅርታ ጋሼ። አልጋው ያወራል።"

"ያወራል?"

"ስገላበጥ ይጮኻል፣ ስተነፍስ ያቃስታል። ረቡዕ ሌሊት ፍራሹን እስካወርድ ድረስ ሲያጫውተኝ ነበር።"

መጀመሪያ የሳቀችው ሽታዬ ናት። "በአባቱ ወጥቶ ነዋ" አለች፤ ድምጿም ወደ ልኩ ተመለሰ።

ሰዉ እየሳቀም እያፈረም ተነሳ፤ ሴቶቹ ሌማታቸውን አነሱ። መሪጌታ በትራቸውን ከፍ አደረጉ።

"ቁጭ በሉ። ለሐዘን የወጣ ንፍሮ ወደ ቤት አይመለስም፤ ሐዘን ይጠራል።"

"የሞተ የለም እኮ የኔታ" አለ ሽማግሌው።

"እንግዲያው ላልሞተው እንበላለታለን።"

"ያፈሰስሁት እንባስ?" አለች የብርጓል። "እንዳላማው አርባውን ያውጣ። ገድሎ ዝም ማለት የለም።"

"የሌለ ሰው አርባ ላውጣ?" አለ እንዳላማው።

"ላልተፈጠረ ሰው ፍትሐት የለም" አሉ መሪጌታ ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ። "ለድግሱ ግን እንመጣለን።"

ንፍሮው ሲያልቅ፣ ሰዉ ጋቢውን ሲያራግፍ፣ ዜማ ከሰሌኑ ሳትነሳ፣ "ነገም ትመጣላችሁ?" አለች።

"ለምኑ?" አለች የብርጓል።

"እንዲሁ። እንደ ዛሬው ለመቀመጥ። ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ ምንም ሳይጠይቀኝ ሲቀር አይቼ አላውቅም።" ዘወር ብላ የብርጓልን አየቻትና፣ "እስከ መጨረሻው ድረስ ማለቴ ነው" አለች።

ቅዳሜ ሠላሳ አንድ ሰው መጣ። ስምንቱ የመጡት ባሏ ያልሞተባትን ሴት ለማየት ነው፤ ግን እነሱም ደርሰው ዝም አሉ። የብርጓል አፏን በነጠላዋ አስራ ተቀመጠች።

ከዚያ ሽታዬ ስልኩን ከጎታው አወጣችው፤ ሲያራግፉት ገብስ ረገፈ። ዜማ አብርታ፣ ቆማ ጥቂት ጻፈችበትና ሻንጣዋን አነሳች። እንዳላማው ነጥቆ ተሸከመላትና እስከ መንገዱ ሸኛት።

"ጋሼ፣ ከጮቄ አናት ሆነው ምሳዬን ያዩልኝ እንደሆን ይደውሉልኝ" አለችው፣ ሚኒባሱ ላይ እየወጣች። "የእርስዎን አነሳለሁ።"

እንዳላማው ሲመለስ ዘጠኝ አህያ ድንች ተጭኖ ግቢው በር ላይ ቆሟል። ስልኩም በዚያው ጊዜ ጮኸ።

"አባዬ፣ ጽፋለች" አለች ሂዊ።

"ክፉ ነው?"

"ላንብብልህ። 'አልጋው ያወራል፤ ሰዎቹ ዝም ይላሉ። ጧት ንፍሮ አለ። ለከርሞም እመጣለሁ።' አባዬ፣ የምን ንፍሮ ነው? ማን ሞቶ ነው?"

"ማንም አልሞተም። ረጅም ነው፣ አጫውትሻለሁ።"

"የሆነውን ነው ወይስ ያንተን?"

ሽታዬ ስልኩን ከጆሮው ላይ ወሰደችና ሂዊን ደግማ አስነበበቻት። ከዚያ ዘጋችው። እንዳላማው ፊት ፊቷን አየ። 'አልጋው ያወራል' ደህና ቃል ነው ወይስ ክፉ ቃል? 'ሰዎቹ ዝም ይላሉ'ስ? በውላቸው ውስጥ ይህ አልነበረም፤ ፍርዱ የሽታዬ ነው።

"እትዬ ሽታዬ፣ የት ይራገፍ?" አለ አህያ ነጂው።

ሽታዬ ወደ አዲሱ ቤት ገባች። እንዳላማው ባርኔጣውን ይዞ ተከተላት። ፍራሹ መሬት ላይ እንደ ተነጠፈ ነው፤ ብርድ ልብሱ በሥርዓት ታጥፎ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ሽታዬ አልጋውን በመዳፏ ጫን አለችው። አቃሰተ። ጎንበስ ብላ ከሥሩ አየች፤ እጇን በርብራቡ መሐል አስገብታ ነፋሱን ለካች። ቀጥላም ከመስኮቱ ወደ በረንዳው አየች፤ ፀሐይ ሞልቶበታል።

"አልጋውን አውጡልኝ" አለች።

"ወዴት?"

"በረንዳው ላይ። ድንቼ እዚያ ይሰጣል። ብርሃን አለው፣ ነፋስ ከሥሩ ይገባለታል። ሌሊት ሲያወራበትም ድንች አይከፋውም።"

"አንድ አልጋ ዘጠኝ ጭነት አይችልም እኮ።"

"ሦስት ትጨምራለህ። እስከ ሰኞ።"

"ፍራሹስ?"

"ፍራሹ ባለበት ይቆይ" አለችና ከበሩ ላይ ቁልፉን ነቅላ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። "እንግዳ ሲመጣ መሬት ነው የሚተኛው።"

እነሆ አለቀ። ከላይ እንዳልሁት ሁሉም እውነት ነው፤ አንዲት ነገር ስትቀር። ዶሮው ዝም አላለም። ዓርብም ቅዳሜም ከንጋት እስከ ረፋድ ሲጮኽ ነው ያረፈደው፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ መሪጌታ አጠገብ ቆሞ ቢለቀው በበትራቸው አባረሩት። ዝም አለ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ደስ ስላለኝ ነው። ነገር ግን ሽታዬ ቅዳሜ ስልኩን ስትሰጣት፣ "ዶሮው እንቅልፍ ነስቶሽ ይሆናል፣ ይቅር በይን" ብትላት ዜማ ቆም ብላ አስባ፣ "የቱ ዶሮ?" ነው ያለቻት። ይህችን ቃል ግን አልፈጠርሁም።